ሮስተር ላይ ያልሰፈረው አሥር ኪሎ ሜትር

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። በቀደም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰውነት ማጎልመሻ ፈተናዋን አሳየችኝ። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ! የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመት ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በአንድ ወገን ስንት ተጫዋች እንደሚሰለፍ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ መልሳለች። «ጎበዝ» አልኳትና፣ «ለመሆኑ ዘንድሮ ስንቴ ሮጣችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሼ ደግሞ! የት ነው የምንሮጠው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ትምህርት ቤቱ ፎቅ ነው፤ ግቢው ደግሞ የመኪና ማቆሚያ።

እኔ የተማርኩት አሰላ ነው፤ በሰባዎቹ ዓመታት። ሜዳ እንኳን አልቸገረንም ነበር። የቸገረን ሌላ ነው። መምህራችን ፊሽካቸውን ነፍተው ሜዳውን አራት ዙር ያስሮጡናል። ቀድሞ የገባ አሥር፣ ከእሱ ቀጥሎ የገባ ዘጠኝ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማርኩ ወደ ታች ይወርዳል። አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች፤ ከገጠር በሌሊት ተነስታ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ። ዘወትር ከኋላ ነበረች። ሦስት ከአሥር። ቁርሳችንን በልተን ከሰፈር የመጣነው ከተሜዎች እንስቅባት ነበር። እኔም ስቄያለሁ። በሚቀጥለው መስከረም አልተመለሰችም። በስፖርት ማርክ ምክንያት ቀረች አልልም፤ የገጠር ሴት ልጅ ከትምህርት የምትቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። ነገር ግን እኛ ሜዳውን አራት ዙር ሮጠን ስንመዘን፣ እሷ የተጓዘችውን መንገድ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ይህ ነገር ሁልጊዜ ኃይሌ ገብረሥላሴን ያስታውሰኛል። በ1965 ዓ.ም. አሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ትምህርት ቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀው እንደነበር፣ ደብተሩንም በግራ እጁ ይዞ ይሮጥ እንደነበር ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር የያዘ ይመስል ጠምዘዝ ይል ነበር። ታዲያ ያ አሥር ኪሎ ሜትር በየትኛው የሮስተር ዓምድ ይሞላል?

ከአሰላ በሳጉሬ በኩል ወደ ደቡብ ሲወጡ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ በቆጂ ትገኛለች። የገብስና የስንዴ አገር፤ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ትንሽ ከተማ። እዚያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ ስንታየሁ እሸቱ ይባላሉ። በኋላ የከተማዋ አሠልጣኝ ሆኑ። በእጃቸው ካለፉት ልጆች ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ ወርቅ አመጣች፤ ከጥቁር አፍሪካዊ ሴቶች የመጀመሪያዋ። ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ደግሞ በወንዶችም በሴቶችም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራቱ ወርቆች ለቀነኒሳ በቀለና ለጥሩነሽ ዲባባ ሆኑ። አራቱም ወርቅ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ!

«አየሩ ነው፣ ገብሱ ነው» ይባላል። ይሁን፤ አየሩም ገብሱም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ግን ያን አየር የሚተነፍስ፣ ያን ገብስ የሚበላ ስንት ከተማ አለ? በቆጂ ላይ ልጅን በአንድ ቀን ውድድር ሳይሆን በየማለዳው የሚያይ መምህር ነበረ። ልጆቹ በባሕር ዛፉ መሐል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ በሰልፍ ይሮጣሉ። እንዲህ ሲሮጥ የሚጠነክረው እግር ብቻ አይደለም። ልጁ ጉልበቱን መቆጠብን፣ ከፊቱ ያለውን ልጅ መታገሥን፣ ደክሞትም ሰልፉን አለመልቀቅን ይማራል።

ይህ የአእምሮ ትምህርት ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ብዙ ዙር በትዕግሥት ተከትላ መጨረሻ ላይ ነው ያፈተለከችው። ካሸነፈች በኋላም ቆማ ጠበቀቻትና እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ኃይሌም መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ፣ ፖል ቴርጋት 250 ሜትር ያህል ሲቀር ጥሎት ሲፈተለክ አልተረበሸም፤ መስመሩ ላይ ደርሶ በ0.09 ሴኮንድ ቀደመው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አሸናፊና ተከታዩ እንኳ ከዚህ የሰፋ ልዩነት ነበራቸው። በዚያች ቅጽበት ልቡ ቢሸበር ኖሮ እግሩ ምን ያደርግለት ነበር?

በቆጂንም ቢሆን ተረት አናድርጋት። ለእያንዳንዱ ሜዳልያ፣ በማለዳ ተነስተው ሮጠው ሮጠው ስማቸው ሳይሰማ የቀሩ ብዙ ልጆች አሉ። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ዋጋው የሚታየውም በእነሱ ላይ ነው። ሻምፒዮን ያልሆነው ልጅ ትዕግሥትን፣ ራሱን መግዛትን፣ ወድቆ መነሳትን ይዞ ከወጣ ትምህርቱ ሠርቷል ማለት ነው። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ከወጣ ግን፣ አሥር ከአሥር ያገኘው ጓደኛው ትምህርቱን አያድነውም።

እንግዲህ ምዘናው ምን ይሁን? ነገሩ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መምህሩ ጥቅምት ላይ የእያንዳንዱን ልጅ ሰዓት ይመዝግብ፤ ግንቦት ላይ እንደገና ይመዝግብ። ማርኩ በሁለቱ መካከል ያለው ይሁን። ልጁ ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከጥቅምቱ ራሱ ጋር ይወዳደር። ከዚያ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ ዛሬ ከየት ተነስተህ መጣህ? ሲደክምህ ለራስህ ምን አልከው? ይህን የሚጠይቅ መምህር ቢኖረን ኖሮ የዚያች ልጅ ሦስት ከአሥር ሌላ ቁጥር ይሆን ነበር። እኔም አልስቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት የእህቴን ልጅ ከሰፈራችን ራቅ ብሎ ወዳለ ሜዳ ወሰድኳት። ሁለት ዙር ሮጣ፣ ሦስተኛውን በእርምጃ ጨረሰች። እያለከለከች መጣችና «ስንት አገኘሁ?» አለችኝ።

ሰዓቷን ወረቀት ላይ ጻፍኩላትና፣ «ይህንን አስቀምጪው፤ ማርክሽን ግንቦት ላይ እነግርሻለሁ» አልኳት።