ታጠቅ፣ አንበሳው እና የካራማራ ታንኮች

ከቡራዩ ወደ ሆለታ ስትጓዙ የምታልፉት ታጠቅ ለብዙ ወጣት የፋብሪካ ሰፈር ስም ነው። ለአባቶቻችን ግን ጦር ሰፈር ነበር። የአጼ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም በያዘው በዚህ ስፍራ በ1969 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ሚሊሻ ሆነው ሠለጠኑ። ሰኔ ላይ በአብዮት አደባባይ ተሰልፈው ወደ ግንባር ወረዱ።

ምሥራቁን ይጠብቅ የነበረው መቀመጫውን ሐረር ያደረገው 3ኛ ክፍለ ጦር ነው። ደርግ የመንግሥቱን አንበሳ ዘውድ ቢያወልቅበትም ክፍለ ጦሩ "አንበሳው" መባሉ አልቀረም። የጎደለው ስም ሳይሆን ብረት ነበር። ታንኮቹ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው፤ ከዋሽንግተን ጋር ከተቆራረጥን በኋላ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ሶማሊያ ደግሞ ከሶቪየት ባገኘቻቸው ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮች ገሰገሰች። መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች።

ከዚያ ሶቪየት ወደ እኛ ዞረች፤ ታንክ በገፍ ገባ፣ ኩባውያንም መጡ። የካራማራን በር ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ተራራውን ዞሩት፤ ሄሊኮፕተሮች ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ከጠላት ጀርባ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች።

ዛሬ አንዱ "ድሉ የኩባ ነው" ይላል፣ ሌላው "የደርግ ነው" ይላል። አርማው ግን ይቀያየራል፦ ትናንት ባለ ዘውድ አንበሳ፣ ቀጥሎ የትግላችን ሐውልት ቀይ ኮከብ። ማረሻውን ጥሎ ታጠቅ የገባው ገበሬ ምንም አርማ አልነበረውም። የካቲት 26ን ስናከብር መጀመሪያ እሱን እናስብ።