ቁልፍ ቃል ጥናት (በጅማና በአካባቢው የቡና ከተሞች)

ቁልፍ ቃል ጥናት፣ የድረ ገጽ ባለቤት፣ ፈላጊዎች በጎግልና በመሰል መፈለጊያዎች ላይ የሚጽፏቸውን ቃላት አስቀድሞ መርምሮ፣ ጽሑፉንም በዚያው መሠረት አሰናድቶ፣ ገጹ ከውጤቶቹ መካከል ወደ ላይኛው መዓርግ ከፍ እንዲል የሚተጋበት ጥበብ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ማገበያየት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ፣ የየገበሬው ምርት በአካባቢና በደረጃ ተቀላቅሎ ይሸጥ ስለ ነበረ፣ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የጌራና የሊሙ አምራች ስሙ ከገዢው ጆሮ ሳይደርስ ይቀር ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ለአምራቹ የቀጥታ ንግድን በር ይበልጥ ሲከፍትለት ግን፣ ገዢው በምን ቃል እንደሚፈልገው ማወቅ ግድ ሆነበት።

«ጅማ» የሚለው ቃል ብቻውን እጅግ ሰፊ ነው፤ ከተማውም ዩኒቨርሲቲውም በንግዱ ዓለም የታወቀው የደረቅ ቡና ዓይነትም በእርሱ ይጠራሉና። በላቲን ፊደልም አጻጻፉ አንድ አይደለም። ስለዚህ አነስተኛ አምራች በዚህ ስም ከታላላቅ ላኪዎች ጋር ከሚፎካከር፣ «የታጠበ የአጋሮ ቡና» እንደሚለው ያለ ረዘም ያለ ሐረግ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ፈላጊው ጥቂት ቢሆንም ለመግዛት ያሰበ ነውና። በጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቁት 74110 እና 74158 የተባሉት የቡና ዝርያዎች መጠሪያቸው ቁጥር ስለ ሆነ፣ የፊደል ልዩነት የማያደናግራቸው እጅግ ምቹ ቁልፎች ናቸው።

የፍለጋውን መጠን የጎግል ቁልፍ ቃል ማቀጃ፣ የወራቱን መለዋወጥ ጎግል ትሬንድስ ያሳያል። ቃሉን ያለ ልክ መደጋገም ግን በጎግል ደንብ የተከለከለ ስለ ሆነ ገጹን ከመዓርጉ ሊያወርደው ይችላል።