ከሜይን በፊት፦ የከርኒሃንና የሪቺ አባባል በማይክሮኮንትሮለር ሲፈተን

ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የሲ ቋንቋ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ፕሮግራም ሥራውን የሚጀምረው ከሜይን ፈንክሽን መግቢያ እንደሆነ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሁለተኛው እትምም ሐሳቡን አልተወውም። ከዚያ ወዲህ ስንት መምህርና ስንት ማስታወሻ ይህንኑ እየተቀባበለ ለተማሪ አስተላልፎታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አባባሉ ለጀማሪ ተብሎ የተደረገ ማቅለያ ሳይሆን ስሕተት ነው የሚል ነው። ስሕተቱም አብዝቶ የሚጎዳው እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ፣ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ አነስተኛ የቁጥጥር መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣውን ወጣት መሐንዲስ ነው።

በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ከሜይን በፊት የሚሆነው በሰፊው ተጽፎበታልና አልቆይበትም፤ ጂሊብሲ በተባለው የሲ ላይብረሪ ውስጥ ያለች አጭር የአሴምብሊ ኮድ አርጉመንቶቹን ከስታክ አንሥታ፣ ስታኩን በ16 ባይት ልክ አስተካክላ ሥራውን ለሲ ታስረክባለች። በኮርቴክስ-ኤም ላይ ቺፑ ራሱ የስታክ አድራሻውን ከቬክተር ሠንጠረዡ መጀመሪያ ስለሚያነብ የማስነሻው ኮድ በሲ ቢጻፍም ይሠራል።

ቸል የተባለው ምንጭ ያለው ከደራሲዎቹ ደጃፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከቤል ላብስ የወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ ሲአርቲ0 የሚባል የፒዲፒ-11 አሴምብሊ ፋይል ይዟል። የመጀመሪያ ትእዛዙ የአስርዮሽ ቁጥር ማስያውን በድርብ ትክክለኛነት እንዲሠራ ያዘዋል። ቀጥሎ የአርጉመንቶቹን ቁጥርና አድራሻ በስታኩ ላይ ያደላድላል፤ የዝርዝሩን መጨረሻ ዜሮ እስኪያገኝ በሉፕ እየፈለገ ይሄዳል፤ ከዚያ ባሻገር ያለውን የኤንቫይሮንመንት አድራሻ ኤንቫይሮን በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጣል። ሜይን የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲመለስም ውጤቱን ተቀብሎ ለኤግዚት የሚያደርሰው ይኸው ፋይል ነው። ስለዚህ ሜይን በሌላ ፕሮግራም የሚጠራ፣ ለሌላ ፕሮግራም የሚመለስ ንኡስ ፕሮግራም ነው። በዚያው ሥርዓት ኮምፓይለሩ የጊዜ መለኪያ አማራጭ ሲሰጠው ሲአርቲ0ን በኤምሲአርቲ0 ይተካል፤ ልኬታውም ገና ሜይን ሳይጠራ ይጀምራል።

ይበልጥ የሚያከራክረው አራተኛው ምዕራፍ ነው። እዚያ ላይ ደራሲዎቹ የመነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸው ውጫዊና ስታቲክ ተለዋዋጮች ዜሮ ሆነው እንደሚነሡ፣ የተሰጣቸውም ፕሮግራሙ ሳይጀምር አንድ ጊዜ ዋጋቸውን እንደሚይዙ ያረጋግጣሉ። ማን እንደሚያስይዛቸው ግን አልተናገሩም። በእነርሱ ማሽን ላይ መልሱ ከርነሉ ነበር፤ ፕሮግራሙን ሲጭን ዳታውን ከዲስክ ያመጣል፣ የመነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸው ተለዋዋጮች የሚቀመጡበትን፣ ቢኤስኤስ የተባለውን ክፍል ዜሮ ያደርጋል። አባባላቸው ያስኬደው ዩኒክስ ከሥር ተሸክሞት ስለነበረ ነው። ዩኒክስ የሌለበት ቺፕ ላይ ያ ድጋፍ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የአሜሪካ የሲ ስታንዳርድ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለሚሠራ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠራውን ፈንክሽን ስም እንኳ ለኮምፓይለር ሠሪው ትቶታል፤ ሜይን መባሉም ግዴታ አይደለም።

አሁን አንድ ቺፕ ቀረብ ብለን እንይ። አርዱዪኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ 32 ኪሎባይት ፍላሽና 2 ኪሎባይት ራም አለው። ቡትሎደር ካልተጫነበት በአድራሻ ዜሮ ላይ የሚያገኘው 26 መግቢያ ያለውን የቬክተር ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ መግቢያ 4 ባይት ስለሆነ ሠንጠረዡ 104 ባይት ይይዛል። የመጀመሪያው መግቢያ ወደ ማስነሻው ኮድ ይዘላል። ኮዱ አር1 የተባለውን ሬጅስተር ዜሮ ያደርጋል፤ ኮምፓይለሩ ዜሮነቱን አምኖ ስለሚሠራ ይህ ቢቀር ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ይበላሻል። ስታኩን በራሙ መጨረሻ ያስቀምጣል፣ የመነሻ ዋጋዎችን ከፍላሽ ወደ ራም ባይት በባይት ይገለብጣል፣ የቀረውን ቢኤስኤስ ያጸዳል።

ይህ ግልበጣ ጊዜ ይፈጃል። ለአንድ ባይት 9 ሳይክል ገደማ ይሄዳል። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ በ1 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ 1,500 ባይት ዳታ 13.5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ከፋብሪካ ሲወጣ የቮልቴጅ መውረድ ጠባቂውም ተዘግቶ ነው የሚመጣው። መብራቱ ሲዋዥቅ ፕሮግራሙ ተወላግዶ ቢቆምና ዋችዶግ የተባለው፣ የቆመን ፕሮግራም በሪሴት የሚያስነሣ ሰዓት ቆጣሪ ቢያስነሣው፣ ዋችዶጉ ከሪሴት በኋላም እንደበራ ይቆያል፤ የሚሰጠውም ጊዜ በጣም አጭሩን፣ 16 ሚሊሰከንድ ያህሉን ነው። ሜይን የሚደርሰው 2.5 ሚሊሰከንድ ብቻ ሲቀረው ነው። ሜይን መጀመሪያ ሴንሰር ቢጠብቅ ቺፑ ዳግመኛ ሪሴት ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ሳያቋርጥ ይነሣል፣ ይወድቃል። መድኃኒቱ ዋችዶጉን የሚያጠፋውን ኮድ ከግልበጣው በፊት በሚሠራው ኢኒት3 በተባለው የማስነሻ ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው። የዚህ ቺፕ የሲ ላይብረሪ የሆነው የኤቪአር ሊብሲ መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ፕሮግራም ከሜይን ይጀምራል ተብሎ የተማረ ሰው ግን ስሕተቱን ሲፈልግ የሚውለው ሜይን ውስጥ ነው።

የማስነሻ ኮድ መሰናዶ እንጂ ፕሮግራም አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ በወስፌ ካሰመረ በኋላ መሰናዶው በእርግጥ አልቋል፤ የማስነሻ ኮድ ግን በእያንዳንዱ ሪሴት ይደገማል፤ የትኛው ዋጋ እንደሚጠፋ፣ የትኛው እንደሚተርፍም ይወስናል። አንድ ተለዋዋጭ ኖኢኒት በሚባለው ክፍል ቢቀመጥ ማስነሻው አይነካውምና ከዋችዶግ ሪሴት በኋላም የያዘውን እንደያዘ ይገኛል፤ በቢኤስኤስ ቢቀመጥ ዜሮ ይሆናል። ኮዱ ከኮምፓይለሩ ጋር ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ተማሪው ማወቅ አያስፈልገውም የሚለውን የኢኒት3 ምሳሌ ይመልሰዋል። ድምዳሜዬ ሁሉንም የቺፕ ቤተሰብ በእኩል ይገልጻል አልልም፤ ይሁንና ከርነል በሌለበት ሁሉ ዳታውን የሚሞላ አንድ ኮድ ከሜይን በፊት መኖሩ አይቀርም።

በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ሲ የምናስተምር ሰዎች ከመጀመሪያው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ የዲስአሴምብሊ ዝርዝሩን ከአድራሻ ዜሮ አስጀምረን ማስነበብ ይገባናል። ተማሪው ሜይን የሚጠራበትን መስመር በራሱ ያግኝ፤ ከዚያም ሜይን ሲመለስ ኢንተራፕቱን ዘግቶ በማያልቅ ሉፕ የሚቆመውን የመጨረሻውን ኮድ ይመልከት።