ከሣር ሜዳ እስከ ብቃት ማረጋገጫ

አሰላ አየር ማረፊያ አላት፤ በወረቀት። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የኮድ ዝርዝር ውስጥ «ኤ-ኤል-ኬ» የተሰኙት ሦስት ፊደላት ከስሟ ጎን ተቀምጠዋል። በእነዚህ ፊደላት ግን ዛሬ ትኬት የሚቆርጥ መንገደኛ የለም፤ ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው አዳማን አቋርጦ 175 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል። ኮድ መስጠት የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። «ይህ ሜዳ አውሮፕላን ለመቀበል ብቁ ነው» ብሎ መፈረም ግን ሌላ ጉዳይ ሲሆን፣ ዓለም በዚያ ላይ ለመስማማት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሿ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ አጠገብ ገፈርሳ ላይ ስታርፍ ከሜዳው የሚጠየቀው ሰፊና ደልዳላ መሆን ብቻ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ በኋላም፣ ባለ ሁለት ሞተሮቹ ዳኮታዎች በየክፍለ ሀገሩ ያርፉ የነበረው በሣርና በጠጠር ሜዳ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ፍተሻ አጭር ነበር፦ አብራሪው ዝቅ ብሎ አንዴ ያንዣብባል፣ ከብቱ ይበተናል፣ ዞሮ ይመጣና ያርፋል። አሰላ የምትገኝበትን አርሲን በመሰለ ደጋ ደግሞ ከከብቱ ይልቅ የሚያስቸግረው አፈሩ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ጎማ ይውጣል፤ በሚያዝያ ያየኸው ሜዳ በሐምሌ ሌላ ሜዳ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አይቶ ማጽደቅ ዋጋ የለውም።

ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. በቺካጎው የሲቪል አቪዬሽን ጉባኤ ከተገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ከዚያ ጉባኤ የተወለደው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ኢካኦ፣ የአየር ማረፊያዎችን ደረጃ የሚወስነውን አባሪ 14 በ1943 አጸደቀ። የማኮብኮቢያ ስፋት፣ የመብራት ቀለም፣ የምልክት ቅርጽ ሁሉ እዚያ ተጻፈ። መንግሥታት ለዓለም አቀፍ በረራ የሚያገለግሉ አየር ማረፊያዎቻቸውን መርምረው ምስክር ወረቀት እንዲሰጡ የታዘዙት ግን በኅዳር 1996 ዓ.ም. ነው። የልደታን አየር ማረፊያ ትቶ ቦሌ የገባው አየር መንገዳችን በ1955 ጄት ማብረር ሲጀምር ይህ ግዴታ ገና 41 ዓመት ይቀረው ነበር። ለእኔ ይህ መዘግየት ይገርመኛል፤ አውሮፕላኑም አብራሪውም ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀሱም፣ የሚያርፉበት መሬት ግን በአደራ ብቻ ይታመን ነበር።

መሬቱ ምን ያህል እንደሚወስን ባሕር ዳር መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አሳይታለች። ወደ አስመራ የሚበር ቦይንግ 737 ከማኮብኮቢያው ሲነሣ የርግብ መንጋ ገጠመው፤ ርግቦቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞከሩ፣ ሞተሮቹ ኃይል አጡ፣ አውሮፕላኑ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አስፋልቱ ምንም አልጎደለውም። ዛሬ ተቆጣጣሪ አየር ማረፊያ ሲገባ ወፎች የት እንደሚሰፍሩ፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል፣ ሣሩ ምን ያህል እንደረዘመ የሚጠይቀው በእንዲህ ያሉ አደጋዎች ምክንያት ነው።

ከዚያ የሚከተለው ሥራ ለተመልካች አሰልቺ ነው። ከመጀመሪያው በረራ በፊት መኪና ማኮብኮቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል። ብሎን፣ ጠጠር፣ የጎማ ቁራጭ፣ የጠፋ መብራት፣ ውኃ ያቆረ ቦታ ይፈለጋል፤ የተገኘው ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። የእሳት አደጋ መኪና ጥሪ ከደረሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ማኮብኮቢያው ላይ ካለ ማንኛውም ነጥብ መድረስ አለበት፤ ይህም በሰዓት ተይዞ ይፈተናል። የመኪኖቹን ብዛትና የውኃውን መጠን የሚወስነው በዋናነት የአውሮፕላኑ ርዝመት ነው፦ 33 ሜትር ገደማ ለሆነው ኪዩ-400 አውሮፕላን የእሳት አደጋ መከላከያ ደረጃ 6፣ ቦሌ ላይ ለሚያርፈው ቦይንግ 777-300 ደግሞ ደረጃ 9። የምስክር ወረቀቱ መሠረት ይህ ሁሉ የተጻፈበት የአየር ማረፊያው መመሪያ ነው፤ ተቆጣጣሪው የሚያረጋግጠው የተጻፈው በየቀኑ መሠራቱን ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ አዲሱ ተርሚናል አያድነውም።

ደጋው የራሱን ሒሳብ ይጨምራል። የኢካኦ መመሪያ ከባሕር ወለል በላይ ለየ300 ሜትሩ ማኮብኮቢያው በ7 በመቶ እንዲረዝም ይላል። አሰላ 2,430 ሜትር ላይ ናት፤ ስለዚህ የሙቀቱን ማስተካከያ ሳንነካ 57 በመቶ ያህል ይጨመራል። ባሕር ዳርቻ 1,400 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን አሰላ ላይ ወደ 2,200 ሜትር ይፈልጋል። ሯጮቹን ኃይሌንና ደራርቱን ያሠለጠነው ስስ አየር ሞተርንና ክንፍን ያደክማል። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተማዋን የሚመለከታት የጭላሎ ተራራ አለ፤ በየትኛው አቅጣጫ መግባትና መውጣት እንደሚቻል ከመሐንዲሱ በፊት ተራራው ይወስናል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው ትልቅ አየር ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ መመረጡም ለዚሁ ነው፤ ዝቅ ባለ ቦታ አውሮፕላን ብዙ ጭኖ ይነሣል።

በአገራችን የቁጥጥሩ ሥልጣን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 616/2001 ይህን ደንግጓል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ተጠቃለለ። ገንዘብና ልምድ ስላመጣ ውሕደቱን አልነቅፍም። ግን አብራሪውም፣ የሜዳው ባለቤትም፣ የተርሚናሉ አስተዳዳሪም አንድ ቤት ሲሆኑ፣ «ዛሬ ይህ ማኮብኮቢያ ይዘጋ» የሚለው ብቸኛ የውጭ ድምፅ ተቆጣጣሪው ነው። ደመወዙ፣ ሥልጠናውና መኪናው ከሌላ ሰው እጅ የማይጠበቅ መሆን አለበት።

በየዞኑ አየር ማረፊያ ይሠራልን የሚል ጥያቄ በርክቷል፤ የአርሲም ተራ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ገንዘብ እስኪመደብ አይጠብቅም። ትልቅ ማኮብኮቢያ ዙሪያውን እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከ45 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃና ምሰሶ እንዳይቆምበት ይፈልጋል፤ ቦሌ ዙሪያ ፎቅ የሚሠራ ሰው የከፍታ ፈቃድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የአሰላ ከተማ አስተዳደር በማስተር ፕላኑ ላይ ያንን ሰማይ ዛሬውኑ ይከልል።