ደረሰኛችሁ ለምን ነጭ ወረቀት ይሆናል? የሌብል ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከእኛ መካከል የአንዱ ስልክ ገና ዋስትናው ሳያልቅ ቻርጅ አልቀበልም አለው። ወደ ገዛበት ሱቅ ሄዶ ደረሰኙን ከዋሌቱ ሲያወጣ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ አገኘው። ቀን የለ፣ ዋጋ የለ፣ የሱቁ ስም እንኳ የለም። ሻጩም "ያለ ደረሰኝ አንቀበልም" ብሎ መለሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካሽ ሬጂስተርና ከኤቲኤም የሚወጣው ደረሰኝ አብዛኛውን ጊዜ በቀለም አይታተምም። ማሽኑ ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ቀለም የሚሆነው ነገር ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተቀብቷል። አንደኛው ገና መልኩ ያልወጣ ማቅለሚያ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ አሲድነት ያለው ኬሚካል። ጎን ለጎን ቢቀመጡም ሙቀት እስኪያገኙ አይዋሃዱም። የፕሪንተሩ ራስ ላይ ጥቃቅን ማሞቂያዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ 203 ዲፒአይ በሚባለው ፕሪንተር በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 8 ናቸው። ወረቀቱ ሲያልፍ የተፈለገው ነጥብ ብቻ ይግላል፣ ኬሚካሎቹ ቀልጠው ይገናኛሉ፣ ቦታው ይጠቁራል። ይህ ዳይሬክት ተርማል ይባላል።

አሁኑኑ ሞክሩት፦ ደረሰኝ አውጡና ባዶውን ቦታ በጥፍራችሁ ፈጠን አድርጋችሁ ፈትጉት። ጥቁር መስመር ከወጣ ወረቀቱ የሙቀት ወረቀት ነው።

(በነገራችን ላይ ይህን የህትመት ዘዴ ከፈጠሩት መካከል ስሙ የሚነሳው ጃክ ኪልቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያውን ማይክሮቺፕ የሠራው፣ በ2000 ደግሞ የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ራሱ ሰውዬው።)

ችግሩ ውህደቱ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ብርሃን፣ ዘይት፣ የእጅ ቅባት፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ኬሚካል ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። የዋሌታችሁ የፕላስቲክ ኪስ ደረሰኝ የሚበላው ለዚህ ነው። እንዳይቀደድ ብላችሁ ስኮች ፕላስተር ብትለጥፉበትማ ይብሳል። ሳኒታይዘር ከነካው ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይጠቁርና ጽሑፉ አይነበብም። ስለዚህ ዋጋ ያለው ደረሰኝ በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት። የደበዘዘ ካላችሁም ፎቶ አንስታችሁ ኮንትራስቱን ጨምሩ፤ አንዳንዴ ይነበባል። እሳት ላይ ማሞቅ ግን አይሞከርም፣ ሙሉው ይጠቁራል።

አሁን በቴሌግራምና በቲክቶክ ለምትሸጡት። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኙት ርካሽ ትንንሽ ሌብል ፕሪንተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዳይሬክት ተርማል ናቸው። ለዴሊቨሪ አድራሻ በቂ ናቸው፤ ዕቃው በሰዓታት ወይም በቀናት ስለሚደርስ ሌብሉ ከዚያ በኋላ ቢጠፋ ማንም አይጎዳም። የማር ማሰሮ ላይ፣ የበርበሬ ፓኬት ላይ፣ የፀጉር ቅባት ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቃው ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ወራት ከተቀመጠ መጀመሪያ የሚጠፋው የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ሊሆን ይችላል። ገዢው ምን እንደሚበላ አያውቅም፣ እናንተም ማስረጃ የላችሁም። በጠራራ ፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል እዚያ የተቀመጠ ሌብል ደግሞ በተቃራኒው ሊጠቁር ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ተርማል ትራንስፈር የሚባለው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሙቀቱ ወረቀቱን ሳይሆን ሪባን የሚባለውን ስስ ጥቅል ነው የሚያገኘው፤ ሪባኑ ላይ ያለው ቀለም ቀልጦ ሌብሉ ላይ ይጣበቃል። የሰም ሪባን ርካሽ ነው፣ ለወረቀት ሌብል ይሆናል። የሬዚን ሪባን ውድ ነው፣ ግን ፕላስቲክ ሌብል ላይ ከታተመ ዘይትም አልኮልም በቀላሉ አያነሳውም። ኮስሞቲክስ የምትሸጡ እሱን ያዙ። የሁለቱ ቅልቅል መሃል ላይ ነው።

ስትገዙ ሻጩን "ሪባን ይቀበላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሪባን የሚቀበለው በአብዛኛው ያለ ሪባንም በሙቀት ወረቀት ይሠራል፤ የማይቀበለው ግን መቼም ሪባን አይሆንለትም። ትንሽ ኪዩአር ኮድ ወይም ደቃቅ ጽሑፍ ካላችሁ 300 ዲፒአይ ይሻላል፣ ለአድራሻ 203 በቂ ነው። የሪባኑ ስፋት ከሌብሉ ትንሽ ይብለጥ፣ አለዚያ የሌብሉ ጠርዝ የፕሪንተሩን ራስ ይፍቀዋል።

ሌላው፣ ብዙ ደረሰኝ ወረቀት ላይ ቢፒኤ የሚባል ኬሚካል ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በሙቀት ወረቀት ላይ ከ0.02 በመቶ በታች እንዲሆን ገድቦታል። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የምትቆርጡ ካሸሮች ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ። ቆሎም በደረሰኝ አትጠቅልሉ።

የተጠቀማችሁበትን ሪባን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጣሉት። ቀለሙ የወጣበት ቦታ ክፍት ስለሚቀር፣ ወደ ብርሃን ብታነሡት የደንበኞቻችሁ ስምና ስልክ ቁጥር ተራ በተራ ይነበባል። ቆራርጣችሁ ጣሉት።