የጡንቻ ስንቅ፦ ከሐኪሞች መርፌ እስከ እግር ኳስ ሜዳ

እ.ኤ.አ. በ1966 ዮናስ በርግስትሮም እና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ሐኪሞች በራሳቸው አካል ላይ ያደረጉትን ሙከራ ይፋ አደረጉ። በአንድ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ግራና ቀኝ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ ጉልበታቸው እስኪሟጠጥ ፔዳሉን ረገጡ። ከዚያም ለሦስት ቀናት በካርቦሃይድሬት የበለጸገ ምግብ ተመገቡ። ከጭኖቻቸው በመርፌ በተወሰደው ናሙና፣ በደከመው እግር የተከማቸው ግላይኮጅን ካረፈው እግር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የቀለለ ሙከራ ማሰብ ያዳግታል።

የአገራቸው ልጅ ቤንግት ሳልቲን ጉዳዩን ወደ እግር ኳስ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳተመው፣ ግላይኮጅናቸው ዝቅ ብሎ ጨዋታ የጀመሩ ተጫዋቾች ከሌሎቹ ያነሰ ርቀት ሸፈኑ፤ ከዚያም ውስጥ ግማሽ ያህሉን የሸፈኑት በመራመድ ነበር። ለዚህ ጉድለት ዳቦ፣ ድንችና ሩዝ ይበቁት ነበር።

ገበያው ግን እንክብልና ዱቄት ይዞ መጣ። በጀርመን የኮሎኝ ተመራማሪዎች ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 የምግብ ማሟያዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ 94ቱ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ አናቦሊክ ስቴሮይድ ነበረባቸው። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ ደግሞ በሽንቱ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለቱ ጥሰቱን አይሽርለትም።