የዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ታሪክ

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ደመራ ሊደመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ የአሰላው ተወላጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ተከትሎት ስለ ገባ፣ ሃያ አምስት ዙር አብረው የዞሩትን ሁለቱን የለየቻቸው ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ነበረች። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች የ100 ሜትር ፍጻሜ ሞሪስ ግሪን ሁለተኛውን የቀደመው በ12 መቶኛ ነበርና፣ መቶ እጥፍ የሚረዝመው ሩጫ ከአጭሩ ይልቅ በጠበበ ልዩነት ተፈጸመ።

ይህን በጭላሎ ግርጌ ከአንድ ሻይ ቤት ለተቀመጠ ሰው ብትነግሩት፣ የሯጭን እስትንፋስና እርምጃ መርምሮ መፍረድ ባይችልም፣ መቀነስ ለሚያውቅ ሁሉ ቍጥር ክፍት ነውና፣ ነገሩን ወዲያው የራሱ ያደርገዋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ደብተራ ከአበቅቴና ከመጥቅዕ ተነሥቶ የበዓሉን ዕለት እንደሚያገኝ፣ እርሱም ከጥቂት አኃዝ ተነሥቶ ያላየውን ሩጫ ያያል፤ በዚህ ረገድ ሊቁና ጨዋው እኩል ናቸው። አሜሪካውያንም በቤዝቦል እንዲሁ ናቸው፤ ጆ ዲማጂዮ እ.ኤ.አ. በ1941 በተከታታይ 56 ጨዋታዎች ኳስ መትቶ ለጣቢያ መብቃቱን ከዚያ በኋላ የተወለዱት ሳይቀሩ ያወሱታል።

ቍጥር ጨዋታን ያደርቃል የሚሉትን አልቀበላቸውም። ኃይሌ ግንቦት 24 ቀን 1990 ዓ.ም. በሆላንድ ሄንግሎ በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሮጦ ክብረ ወሰን አቁሞ ነበርና፣ የሲድኒው ድሉ ከዚያ በ55 ሴኮንድ ይዘገያል፤ ነገር ግን ማንም አያሳንሰውም፤ የኦሊምፒክ ሩጫ ለማዕረግ እንጂ ለሰዓት እንደማይሮጥ ያስተማረን ይኸው ቍጥር ነው። ያን ክብረ ወሰን የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. በብራስልስ እስከ 26 ደቂቃ ከ17.53 አወረደው፤ በአንድ ደጋ የተወለዱት የሁለቱ ሰዎች ልዩነት 5.22 ሴኮንድ ነው።

ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ስትሆን 31 ደቂቃ ከ06.02 ፈጅቶባታል፤ ከ16 ዓመት በኋላ በቤይጂንግ ጥሩነሽ ዲባባ ያንኑ ርቀት በ29 ደቂቃ ከ54.66 ፈጸመችው። ሁለቱም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ የስፖርት ዜና የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የአርሲ ልጅ ባሸነፈ ጊዜ ሰዓቱን እስከ መቶኛዋ ጻፉልን፤ የሁለተኛውንም አትተዉ፤ የቴርጋት ሰዓት ባይመዘገብ ኖሮ ዘጠኟን መቶኛ ማንም አያውቃትም ነበር።